ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ፈቃድ መለወጥ፤ ለፍቅር የሚጽፉ ጦማሪዎችንና ነጋዴውን እንዴት እንደሚነካ



አንድ ባለሱቅ ሚዛን በገዛ ጊዜ ሚዛኑ የራሱ ሀብት ይሆናል። ቢፈልግ ይሸጠዋል፤ ቢፈልግ ለልጁ ያወርሰዋል። ሚዛኑን የሸጠለት ነጋዴ ከዓመት በኋላ ወደ ሱቁ ተመልሶ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ሚዛን ሽንኩርት እንጂ ቡና አትመዝንበትም፤ ቡና ልትመዝን ብትፈልግ ሌላ ገንዘብ ክፈል» ሊለው ከቶ አይችልም። ብሎም ቢገኝ የገበያው ሰው ሁሉ ይስቅበታል። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ግን እንደ ሚዛን አይደለም። ለፕሮግራም ገንዘብ የከፈለ ሰው የሚገዛው ዕቃውን ሳይሆን በዕቃው ለመጠቀም የሚያስችለውን ፈቃድ ነው። ፈቃዱም ወሰን፣ ቀንና ውል አለው፤ ከሁሉም በላይ ሰጪው ሊለውጠው ይችላል።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው እንዲህ ያለው ፈቃድ በሚለወጥበት ጊዜ አስቀድሞ የሚጎዳው ማን እንደ ሆነና ጉዳቱም በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ወደምንገኝ ነጋዴዎች በምን መንገድ እንደሚደርስ ለመግለጽ ነው። ጸሐፊው የሕግም ሆነ የኮምፒዩተር ሊቅ አይደለም። ከሃያ ዓመት በላይ በአንድ የቦሎቄ ነጋዴ ቢሮ ደብዳቤ ሲጽፍና መዝገብ ሲይዝ የኖረ ሰው ነውና፣ ከጠረጴዛው ሆኖ ያየውንና የተማረውን ያህል ብቻ ይናገራል።

ፈቃድ ማለት ምን ማለት ነው?

በአገራችን የደራሲ መብት በሕግ ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰት ባለቤትነት ደንግጎ ነበር። ከዚያም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የኮምፒዩተርን ፕሮግራም ከመጽሐፍና ከሌሎች የድርሰት ሥራዎች ጋር ቆጥሮ ጥበቃ ሰጠው። መጽሐፍ የገዛ ሰው ወረቀቱ የእርሱ ቢሆንም አባዝቶ ሊሸጠው እንደማይችል ሁሉ፣ ፕሮግራም ያገኘ ሰውም እንደ ልቡ እየገለበጠ ሊያድለው አይችልም። ሆኖም ሕጉ ለገዢው የተወለት ነገር አለ። ፕሮግራሙን በሕጋዊ መንገድ ያገኘ ሰው ለተገዛበት አገልግሎት አስፈላጊ በሆነ መጠን ሊጠቀምበት፣ የያዘው ቢጠፋበት ወይም ቢበላሽበት መተኪያ የሚሆን አንድ ቅጅም ሊያስቀምጥ ይችላል። ከዚህ ያለፈው ሁሉ የሚወሰነው በፈቃዱ ውል ነው።

ነገሩ ለነጋዴ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። የንግድ ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ለተሰጠበት የሥራ መስክ ብቻ ያገለግላል፤ ባለቤቱም እንደ ዕቃ አንሥቶ ለጎረቤቱ አይሰጠውም። የፕሮግራም ፈቃድም ብዙውን ጊዜ እንደዚሁ ነው። ልዩነቱ ግን ከባድ ነው። የመንግሥት ሕግ ሲለወጥ በነጋሪት ጋዜጣ ይታወጃል፤ ነጋዴውም ሰምቶ ይዘጋጃል፤ ቅር ቢለው በምክር ቤቱ በኩል አቤት ይላል። የፕሮግራሙ ፈቃድ ግን ባለቤቱ በሩቅ አገር ተቀምጦ በሚልከው አንድ የኢሜይል መልእክት ይለወጣል። ተጠቃሚውም ያላነበበውን ረጅም ውል «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ቃል በመጫን ብቻ ይፈርማል።

ለፍቅር የሚጽፉት እነማን ናቸው?

ጦማሪ የሚባለው በኢንተርኔት ላይ የራሱን ገጽ ከፍቶ ያየውንና የሚያውቀውን በየጊዜው የሚጽፍ ሰው ነው። ስሙም ደብዳቤ ወይም ጽሑፍ ማለት ከሆነው ጦማር ከሚለው የጥንት ቃል የወጣ ነው። ከጦማሪዎች አንዳንዶቹ ኑሯቸውን በዚሁ ይመሩ ይሆናል። የሚበዙት ግን ከሥራ ሰዓት በኋላ ያለ ደመወዝ ለፍቅር የሚጽፉ ናቸው። አንዱ ስለ ዝዋይ ሐይቅ ወፎች፣ ሌላው ስለ አዳማ ባቡር ጣቢያ ታሪክ፣ ሌላዋ ስለ መቂ የቲማቲምና የሽንኩርት ገበያ ይጽፋሉ። ሂሳብ ሹም የላቸውም፤ ውል የሚያነብላቸው ጠበቃ የላቸውም፤ የውጭ ምንዛሪ ሂሳብም የላቸውም።

ነጋዴው «ታዲያ ይህ እኔን ምን አገባኝ?» ይል ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው። የሱቃችንን ገጽ በጥቂት ብር የሚሠሩልን፣ የዋጋ ዝርዝራችንን በሁለት ቋንቋ የሚጽፉልን፣ ኮምፒዩተር ሲያስቸግረን የምንጠራቸው እነዚሁ ልጆች ናቸው። በእነርሱ ላይ የደረሰው ችግር ውሎ አድሮ የእኛን በር ያንኳኳል።

ፈቃድ የሚለወጥባቸው መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ሳይከፈልበት የኖረው ሲከፈልበት ነው። ለዚህ በዓለም የታወቀው ምሳሌ ሲክስ አፓርት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2004 እ.ኤ.አ. ያደረገው ነው። ሙቨብል ታይፕ የሚባለው ፕሮግራሙ ብዙ ጦማሪዎች ገጻቸውን የሚያሰናዱበት ነበር። በዚያ ዓመት በግንቦት ወር ስሪት 3.0 ሲወጣ ያለ ክፍያ የሚሰጠው ፈቃድ ለአንድ ጸሐፊና ለሦስት ገጾች ብቻ ሆኖ ተወሰነ፤ ከዚያ በላይ የሚፈልግ ይክፈል ተባለ። ለትልቅ ድርጅት ክፍያው የሚያስጨንቅ አልነበረም። ለፍቅር ለሚጽፉት ግን ከባድ ሆነ። ብዙዎቹም ቅር ተሰኝተው በ2003 እ.ኤ.አ. ወደ ተጀመረው ወደ ዎርድፕረስ ፈለሱ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው «ነጻ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም ያለው መሆኑ ነው። አንደኛው የማይከፈልበት ማለት ነው፤ ሁለተኛው የማይነጠቅ ማለት ነው። ዎርድፕረስ የተለቀቀበት ጂ.ፒ.ኤል. የተባለው ፈቃድ ማንም እንዲጠቀም፣ እንዲገለብጥና እንዲያሻሽል የሚፈቅድ፣ በዚህ ፈቃድ የወጣውንም ሥራ ባለቤቱ መልሶ እንዳይዘው ተደርጎ የተሰናዳ ነው። ሙቨብል ታይፕም በ2007 እ.ኤ.አ. በዚህ ዓይነት ፈቃድ የወጣ ስሪት ነበረው፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ስሪት 6 ሲመጣ ግን ይህ ቀረ። እንግዲህ አንድ ነገር ዛሬ ስላልተከፈለበት ነገም አይከፈልበትም ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው መንገድ ግዢ ወደ ኪራይ ሲለወጥ ነው። አዶቤ የተባለው ኩባንያ በግንቦት 2013 እ.ኤ.አ. ማተሚያ ቤቶችና የካርድ አዘጋጆች የሚያውቋቸውን ፕሮግራሞቹን ከእንግዲህ በአዲስ ስሪት የሚሰጠው በወርና በዓመት ክፍያ ብቻ መሆኑን አስታወቀ። አንድ ጊዜ ገዝቶ አሥር ዓመት መሥራት ቀረ፤ ኪራዩ ሲቆም ሥራውም ይቆማል።

ሦስተኛው መንገድ በግል ተጠቃሚና በነጋዴ መካከል ድንበር ሲሰመር ነው። ጉግል በራስ የኢንተርኔት ስም ኢሜይል ለመያዝ የሚያስችለውን አገልግሎት ለብዙ ሰዎች ያለ ክፍያ ሰጥቶ ነበር። ከታኅሣሥ 2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ ሰው መቀበሉን አቆመ። በጥር 2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ የቀድሞዎቹም እንዲከፍሉ ወሰነ። ቅሬታው በበዛ ጊዜ በዚያው ዓመት ለግል ጉዳይ ብቻ የሚጠቀሙት ሳይከፍሉ እንዲቀጥሉ ፈቀደ፤ ለንግድ የሚጠቀሙት ግን ከፋይ ሆኑ።

ይህ ሦስተኛው መንገድ ባለሱቁን በቀጥታ ይመለከተዋል። ብዙ ፕሮግራሞችና የፊደል ቅርጾች «ለግል ጥቅም ብቻ» ተብለው ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። ወጣቱ ጦማሪ በዚያ ፈቃድ ስለ ሐይቁ ወፎች ሲጽፍ ጥፋት የለበትም። ነገር ግን በዚያው ገጽ ላይ የአጎቱን ሱቅ ማስታወቂያ ዋጋ ተቀብሎ ያወጣ ዕለት፣ ወይም በዚያው የፊደል ቅርጽ የሱቁን ታፔላ የጻፈ ዕለት ሥራው ንግድ ሆነ፤ የያዘውም ፈቃድ አይሸፍነውም። ስሕተቱ የተሠራው በልጁ እጅ ቢሆንም ጥቅሙ የነጋዴው ነውና፣ ጥያቄ ሲመጣ ሁለቱም ይጠየቃሉ።

የአማርኛ ፊደል ነገር

በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ከነዚህ ሁሉ ሌላ አንድ ተጨማሪ ችግር ኖሮበታል። የፊደላችን 33 ቤቶች በሰባት ሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከዚያም ይበልጣሉ። የቀድሞው የኮምፒዩተር ፊደል ሰሌዳ ግን በጠቅላላው 256 ቦታ ብቻ ነበረው፤ ከዚያም ከፊሉ ለሌላ ሥራ የተያዘ ነው። ስለዚህ እንደ ፓወር ግዕዝና እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ በየቢሮው የምናውቃቸው የአማርኛ ፕሮግራሞች በተነሡበት ዘመን፣ አዘጋጆች የአማርኛን ፊደል በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። አቀማመጡም ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ይለያያል። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያ የፊደል ቅርጽ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይታያል። በዚህም ምክንያት ፈቃዱ የያዘው ፕሮግራሙን ብቻ ሳይሆን የጻፍነውን ጽሑፍ ጭምር ነበር።

በቁቤ አፋን ኦሮሞ የሚጽፉት ጎረቤቶቻችን ቁቤ በ1984 ዓ.ም. በይፋ ከጸደቀ ወዲህ በላቲን ፊደል ስለሚጽፉ ይህ የፊደል ችግር አልነካቸውም። የገጽ ማሰናጃው ፈቃድ ሲለወጥ ግን እነርሱም እኩል ይጎዳሉ።

በቢሮአችን የደረሰውን ልንገራችሁ። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል ደብዳቤዎቻችንን ሁሉ የምንጽፈው በአንድ የአማርኛ ፕሮግራም ነበር። ፈቃዱ ለአንድ ኮምፒዩተር ብቻ የተሰጠ ነው። በ2004 ዓ.ም. ክረምት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኮምፒዩተሩ ተቃጠለ። ደብዳቤዎቹን በሲዲ ገልብጬ አስቀምጬ ስለ ነበር አልደነገጥሁም፤ ሻጩን ስጠይቅ ግን የድሮው ስሪት መሰጠቱ እንደ ቀረና አዲሱን በአዲስ ዋጋ እንድንገዛ ተነገረኝ። ገዛን። በአዲሱ ስሪት የድሮው ደብዳቤ ሲከፈት ግን የሚነበብ አልሆነም።

በዚያው ወቅት አሠሪዬ ከአንድ ገዢ ጋር በነጭ ቦሎቄ ጭነት ምክንያት ተከራክረው ነበር። ቦሎቄው እንደገና ተበጥሮ ሲጫን ወጪውን ማን እንደሚችል የተስማማንበት ደብዳቤ የወረቀቱ ቅጅ ከመዝገቡ ታጣ፤ የቀረው በሲዲው ላይ ያለው ብቻ ሆነ። ያን ጊዜ ለእርዳታ የደረሰልን በትርፍ ጊዜው ስለ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የሚጽፍ አንድ ወጣት ጦማሪ ነው። የድሮውን አቀማመጥ ፊደል በፊደል ከአዲሱ ጋር እያስተያየ ሰንጠረዥ ሠራ፤ በአራተኛው ቀን ደብዳቤው ተነበበ፤ ክርክሩም በዚያው በስምምነት አለቀ። አሠሪዬ ገንዘብ ሊሰጡት ቢሉ «የለም ጋሼ፤ እኔ ይህን የሠራሁት ወድጄው ነው። ሰንጠረዡንም ለሚፈልግ ሁሉ በገጼ ላይ አስቀምጨዋለሁ» ብሎ እምቢ አለ።

የኋለኛው ነገር ግን ያሳዝናል። ባለፈው ዓመት የዚያ ወጣት ገጽ የቆመበት አገልግሎት ያለ ክፍያ የሚሰጠውን ፈቃድ አንሥቶ በዓመት በዶላር የሚከፈል አደረገው። ልጁ ዶላሩን ሊያገኝ ስላልቻለ ገጹ ተዘጋ። በዚያው ሰሞን አንድ የሻሸመኔ ባለሱቅ ደውሎ «ያ ሰንጠረዥ የት ይገኛል? የድሮ የዱቤ መዝገቤ አልነበብ ብሎኛል» ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ። ሰውዬው ሰንጠረዡ ሳይገኝ ከቀረ ዕዳውን መጠየቁን እንደሚተው ነገረኝ። እንደ ዕድል ሆኖ ወጣቱ ጽሑፎቹንና ሰንጠረዡን ሁሉ በዩኒኮድ ገልብጦ በቤቱ አስቀምጦ ነበር። አራት ወር ከፈጀ በኋላ በሌላ ቦታ፣ ፈቃዱ በማይነጠቅ ፕሮግራም ገጹን እንደገና ከፈተ። ባለሱቁም መዝገቡን አስነበበ።

ዩኒኮድና የማይነጠቁ መሣሪያዎች

ዩኒኮድ ለዓለም ፊደላት ሁሉ ለእያንዳንዳቸው የማይለወጥ መለያ ቁጥር የሚሰጥ ስምምነት ነው። የኛ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በስሪት 3.0 ገባ። ከዚያ ወዲህ በዩኒኮድ የተጻፈ «ሀ» በማንኛውም ፕሮግራም «ሀ» ነው፤ የአንድ ሻጭ ፈቃድ ቢያልቅ ጽሑፉ ከእርሱ ጋር አይሞትም።

የፊደል ቅርጽ ግን አሁንም የየራሱ ፈቃድ አለው። በ2007 እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ኒያላ የተባለው ቅርጽ ፈቃዱ የዊንዶውስ ነው፤ በዊንዶውስ 10 ደግሞ ከዋናው ጋር መምጣቱ ቀርቶ ፈልገው የሚጨምሩት ሆኗል። በሌላ በኩል አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤል.ና የጉግል ኖቶ የኢትዮጵያ ፊደላት ክፍት በሆነ የፊደል ቅርጽ ፈቃድ የወጡ ናቸው። ነጋዴውም ሆነ ጦማሪው ያለ ክፍያ በዕቃ ምልክት፣ በታፔላና በመጽሐፍ ላይ ሊጠቀምባቸው ይችላል፤ የተከለከለው የፊደል ቅርጹን ለብቻው መሸጥ ነው።

ለውጥ ሁልጊዜ ወደ ክፉ አይሄድም። ኪይማን የተባለው የፊደል መጻፊያ ፕሮግራም ቀድሞ የሚሸጥ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. ኤስ.አይ.ኤል. የተባለው ድርጅት ወሰደው፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ስሪት 10 ሲወጣ ያለ ክፍያ ለሁሉ የተፈቀደ ሆነ። ዛሬ በአማርኛ የሚጽፍ ማንኛውም ሰው አንድ ብር ሳያወጣ ሊጠቀምበት ይችላል።

በሞጆ የማያልፍ ዕቃ

አስመጪዎች ሆይ፣ በዓመት የሚከፈል የውጭ አገር ፈቃድ በሞጆ ደረቅ ወደብ የማያልፍ የገቢ ዕቃ መሆኑን አትርሱ። ዋጋው በዶላር ነው፤ የምንዛሪው ለውጥም በቀጥታ ያገኘዋል። በዓመት 70 ዶላር የሚከፈልበትን ፈቃድ ብንወስድ፣ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረ ጊዜ ሂሳቡ 4,000 ብር ያህል ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሲሆን ይኸው ሂሳብ ከ7,000 ብር አለፈ። ሻጩ አንድ ሳንቲም ሳይጨምር ዋጋው ለእኛ ጨመረ። ላኪው የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ስላለው ይከፍል ይሆናል፤ ለፍቅር የሚጽፈው ልጅ ግን በውጭ አገር ያለ ዘመዱን ይለምናል፤ ዘመድ ከሌለውም ገጹን ይዘጋል።

ምን ማድረግ ይገባል?

1ኛ፤ ለቢሮ የሚያገለግል ፕሮግራም ሁሉ የፈቃዱ ወረቀት ወይም መልእክት ታትሞ ከንግድ ፈቃዱ ጋር በአንድ መዝገብ ይቀመጥ። የተሰጠበት ቀን፣ የሚያበቃበት ቀንና ለስንት ኮምፒዩተር እንደ ተሰጠ ይጻፍበት።

2ኛ፤ ማንኛውም ያለ ክፍያ የተገኘ ፕሮግራም ወይም የፊደል ቅርጽ ለንግድ የተፈቀደ ወይም ያልተፈቀደ መሆኑ አስቀድሞ ይጠየቅ። «ለግል ጥቅም ብቻ» የሚል ከሆነ ለሱቅ አይውልም።

3ኛ፤ የሱቁን ገጽ ጦማሪ ወጣት ቢሠራልን ፈቃዱና የኢንተርኔቱ ስም በሱቁ ባለቤት ስም ይሁን፤ ክፍያውንም ሱቁ ይክፈል። ልጁ ወደ ሌላ ከተማ ቢሄድ ገጹ አብሮት አይሂድ፤ ፈቃዱ ሲለወጥም ሸክሙ በልጁ ላይ አይውደቅ።

4ኛ፤ የድሮ ደብዳቤና መዝገብ በቀድሞው አቀማመጥ የተጻፈ ካለ፣ ፕሮግራሙ ገና እየሠራ ሳለ ወደ ዩኒኮድ ይገልበጥ። ነገ ማለት ኮምፒዩተሩ እስኪቃጠል ማለት ነው።

5ኛ፤ ጦማሪውም ቢሆን ጽሑፉን በገጹ ላይ ብቻ አይተው። በየወሩ አንድ ቅጅ በቤቱ ያስቀምጥ፤ ከተቻለም ፈቃዱ የማይነጠቅ ፕሮግራም ይምረጥ።

አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ። ፕሮግራሙ የሰው ወርቅ ነው፤ ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ ውሉን ይለውጣል። የእኛ ወርቅ የጻፍነው ደብዳቤ፣ የያዝነው መዝገብና ያለ ዋጋ የሚረዱን ልጆች ድካም ነው። ይህን አንባቢ ዛሬ ሱቁን ከመዝጋቱ በፊት ቢያንስ አንድ የድሮ መዝገብ በሌላ ኮምፒዩተር ከፍቶ ይነበብ እንደ ሆነ ይመልከት። ካልተነበበ፣ ረዳቱን ነገ ሳይሆን ዛሬ ይጥራ።